የሙሽራዋ ክኒን

እናቴ እህቴን በመድኃኒት አደንዝዛ ልትድራት መሆኑን ከሰው ሁሉ ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። አሥር ዓመቴ ነበር። ዓመቱ ሁለት ሺህ ሦስት፣ ወሩ ጥር፣ ቦታው ከኮኪት ወጣ ብሎ ያለው መንደራችን። ማስረጃም ነበረኝ፤ እንዲያውም አንዱን ማስረጃ ራሴው ውጬዋለሁ።

አባቴ ደረበ ሰሊጥ ሲያስመዝንም፣ ሠራተኛ ሲቀጥርም ከአፉ የማትጠፋ አባባል ነበረችው። «ጠርጥር! ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል። ሌላው ሰው ይስቅባታል፣ እኔ ግን ከልቤ ይዣታለሁ። ጎረቤት ስኳር ልትበደር ስትመጣ፣ የራሷ ስኳር ለምን እንዳለቀ የማጣራ ልጅ ነበርኩ። እናቴ ዙፋን «ማናዬ እኮ ለዳኝነት ነው የተፈጠረችው» ስትል ሙገሳ ይመስለኝና ደረቴን እነፋለሁ።

ነገሩን መጠርጠር የጀመርኩት ከእህቴ ዓይን ነው። እህቴ ስርጉት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በእኛ አገር ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል የማሽላው ራስ ተቆርጦ አውድማ ላይ ይከመራል። ከዚያ ትራክተር መውቂያ ማሽኑን ጎትቶ ይመጣና ፍሬውን ወዲህ፣ እብቁን ወዲያ ይበትነዋል። ለሁለት ሦስት ሳምንት ከእብቅ ማምለጫ የለም፤ የምንጠጣው ውኃ ላይ፣ የምንቆርሰው እንጀራ ላይ፣ አንገታችን ውስጥ ነው። ሁላችንም እናክካለን፣ እናስነጥሳለን፣ እርስ በርስ እንሳሳቃለን። ስርጉት ግን ታለቅሳለች።

እንዲያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ድምፅ የለውም። ሽንኩርት ሳትከትፍ፣ ማንም ሳይቆጣት፣ ቁጭ ባለችበት ዕንባዋ ይወርዳል። ዓይኗ ቀልቶ ሽፋሽፍቷ ያብጣል፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እንደያዘች ትውላለች።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው?» እላታለሁ።

«ምንም። እብቁ ነው።»

እብቁማ እኔም ላይ አለ። ታዲያ እኔ ለምን አላለቅስም? ሲዋሹኝ ይገባኛል ብዬ አምን ስለነበር፣ እሺ ብዬ ዝም አልኳትና መከታተል ጀመርኩ።

ያን ሰሞን የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ነበር። የሚያገባት አዛናው ይባላል፤ አብደራፊ የሚሠራ የትራክተር ሾፌር ነው። ዓምና የእኛን ማሽላ የወቃው እሱ ነበር። የመጣ ቀን ማሽኑን ተክሎ ከጨረሰ በኋላ ወርዶ ቆመና ወደ ቤታችን አየ። ስርጉት ፊቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ዓይኗ ብቻ እየታየ፣ በር ላይ ቆማለች። አዛናው አንድም ቃል ሳይተነፍስ ትራክተሩ ላይ ተመልሶ ወጣና ማሽኑን ነቅሎ ወደ ማዶው ጫፍ ወሰደው። የቀን ሠራተኞቹ የተከመረውን እንደ አዲስ ማጋዝ ነበረባቸውና ሲያጉረመርሙ ዋሉ። እኔም «ጉረኛ! ሴት ስላየ ትራክተር መንዳት መቻሉን ሊያሳይ ነው» አልኩ። ነሐሴ ላይ ሽማግሌ ሲልክ ይበልጥ ገረመኝ። ፊቷን እንኳ በወጉ አላየም። ያየው ቢኖር የሚያለቅስ ዓይን ነው። የሚያለቅስ ዓይን አይቶ ሚስት የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የሠርጉ ሳምንት ሳሚያ መጣች። ሳሚያ መተማ ዮሐንስ ላይ ሻይ የምትሸጥ፣ ጠዋት ድንበሩን ተሻግራ ገላባት ገብታ ከሰዓት የምትመለስ ሴት ናት። ለሙሽራ የሚሆን ሂናና የሱዳን ሽቶ የምታመጣልን እሷ ነበረች። እናቴ እጇን ይዛ ጓዳ አስገባቻት። ጓዳው የተከለለው በማሽላ አገዳ ነው፤ በአገዳና በአገዳ መካከል ደግሞ ለአንድ ዓይን የሚበቃ ቀዳዳ አይጠፋም።

ሳሚያ ከደረቷ ውስጥ የተጠቀለለች ወረቀት አውጥታ ፈታች። ውስጧ ከምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጡ ቢጫ ክኒኖች ነበሩ።

«አንድ ከሰጠሻት ይበቃል» አለች። «ሁለት ካረግሽው ግን እንቅልፍ ነው። የት እንዳለችም አታውቅ።»

«እሑድን ብቻ ጸጥ ትበልልኝ» አለች እናቴ። «ሰኞ ከቤቷ ከገባች በኋላ እንደፈለገች ትሁን።»

«የወንዱ ወገኖች ያውቃሉ?»

«ኧረ ድምፅሽን! ካወቁማ አለቀልኝ። ልጅቷም ብትሆን ሰው ፊት አትወጣም ብያለሁ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ ምንም አላየሁ» ብላ ሳሚያ አፏን በእጇ ከደነች።

እናቴን እወዳት ነበር። ያን ቀን ግን ፈራኋት።

ዛሬ ገንዳ ውሃ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ያችኑ ቢጫ ክኒን እየቆጠርኩ ለሰው እሰጣለሁ። የአለርጂ መድኃኒት ናት፤ ማሳከኩን፣ ማስነጠሱን፣ የዓይን ዕንባውን ታስታግሣለች፣ እንቅልፍም ታመጣለች። እናቴ ለምን እንደደበቀችውም ካደግኩ በኋላ ሰማሁ። ከዚያ ሠርግ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ቤተሰብ ስርጉትን ጠይቆ ነበር። የልጁ እናት ገበያ መሀል እህቴ ዓይኗ እያነባ ደጋግማ ስታስነጥስ አየቻትና «ይህች ልጅ ሳንባዋን ታማለች» ብላ ነገሩን አፈረሰችው። ወሬውም መንደሩን ዞረ። እናቴ ያንን ነበር የፈራችው። አገዳው ጀርባ ለቆመችው ልጅ ግን ይህን የነገራት ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን የሴት ተማሪዎች ክበብ ነበረው። ኃላፊዋ መምህርት አይናዲስ ናት። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ፣ የሠርግ ወር ስለሆነ፣ ያለ ፈቃዷ የምትዳር ልጅ በምን በምን እንደምትታወቅ ታስተምረን ነበር። ታለቅሳለች፣ ከሰው ትርቃለች፣ ከቤት እንዳትወጣ ትከለከላለች፣ ምግብ ያስጠላታል። ደብተሬ ላይ ጽፌ እያንዳንዱን በእህቴ ለካሁት። ማልቀሱን ተዉት። አውድማው አጠገብ እንዳትደርስ እናቴ ከልክላታለች። መስኮቷ በጨርቅ ተወትፏል። ምግብ ሲቀርብላት ደግሞ «ምንም ምንም አይለኝም» ትላለች። አፍንጫው የተደፈነ ሰው ምን ሊጣፍጠው እንደሚችል ማሰብ አልመጣልኝም። አራቱም ሞሉ፤ አምስተኛውን፣ ክኒኑን፣ መምህርት አይናዲስ ራሷም አታውቀውም።

ያም ሆኖ ሳላጣራ ሰው መክሰስ አልወደድኩም። ኀሙስ እናቴ ጠላ ልታይ ስትወጣ ከወረቀቱ ሁለት ክኒን ሰረቅኩ። አንዱን ዋጥኩትና ጄሪካኔን ይዤ ወደ ቦኖ ሄድኩ። ወረፋ ይዤ ኒም ዛፍ ሥር መቀመጤ ትዝ ይለኛል። ከዚያ የማስታውሰው አንዲት ሴትዮ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ምላሴ ደርቆ ከላንቃዬ ተጣብቋል፣ ጄሪካኔም ባዶ ነው። ቤት ስደርስ እናቴ በቁጣ ልትበላኝ ደረሰች። እኔ ደስ ብሎኛል። ተረጋገጠ።

የዚያኑ ዕለት ማታ ስርጉት አልጋ ላይ ወጣሁ። እናቴ እንዴት እንደሚያደርጋት ለማየት አንድ ክኒን አቅምሳት ነበርና ዓይኗ ፈዝዟል። ዕንባው ግን ቆሟል።

«እታለም፣ አዛናውን ወደሽው ነው የምታገቢው?»

ጋደም እንዳለች ወደ እኔ ዞረች።

«ይህን ጠይቂያት ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ሂጂና ተኚ» አለችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ወድጄዋለሁ አላለችም። ለእኔ ያ በቂ ነበር።

ዓርብ የቀረችውን ክኒን ከደብተሬ በቀደድኩት ወረቀት ጠቅልዬ ለመምህርት አይናዲስ ሰጠኋት። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ጸጥ ትበልልኝ መባሉን፣ የት እንዳለች አታውቅም መባሉን፣ የወንዱ ወገን እንዳያውቅ መባሉን።

«ማናዬ፣ ይህ ጨዋታ አይደለም» አለች። «ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ዕድሜዋስ ደርሷል።» ትንሽ ቀለል ያላት መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን ፈታ ክኒኗን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ለእህትሽም ቢሆን።»

እሑድ ጠዋት እናቴ ለስርጉት ሁለት ክኒን ሰጠቻት። በዓይኔ አይቻለሁ። ዳሱ ትልቅ ነበር፣ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ግን ግድግዳውም ጣሪያውም ከማሽላ አገዳ ነው የተሠራው። ሰው በጨፈረና በዘለለ ቁጥር ከላይ ብናኙ ይራገፋል። ያን ሁሉ ሳምንት ልጇን ከእብቅ ስትጠብቅ የኖረች እናት፣ በሠርጓ ቀን ወስዳ አገዳ ሥር አስቀመጠቻት። ሰው ሲጨነቅ ከፊቱ ያለውን አያይም።

አዛናውና አጃቢዎቹ በሁለት ትራክተር ተጎታች ላይ ተሞልተው፣ ጥሩምባቸውን እየነፉ፣ አቧራውን እያስነሡ ደረሱ። ስርጉት ዓይነ ርግቧን ለብሳ ከመሀል ተቀምጣለች። አንገቷ ቀስ ብሎ ወደ ደረቷ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ሚዜዋ እየሩስ ክንዷን ትቆነጥጣታለች። እንደገና ይወርዳል። አሮጊቶቹ እርስ በርስ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አንገቷን እንኳ ቀና አላደረገችም» ይባባላሉ። እኔ ጥርሴን ነክሼ በሩን አያለሁ። የማይመጡ መሰለኝ። ቢመጡስ ብዬም ፈራሁ።

ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሊደምቅ ሲል ገቡ፤ መምህርት አይናዲስ፣ ከቀበሌ የመጡ አንዲት ጠና ያሉ ሴትና አንድ ፖሊስ። ከበሮው ቆመ። አባቴ የያዘውን ብርሌ አስቀምጦ ተነሣ።

«ምነው፣ ምን አጠፋን?» አለ።

«ደግሳችሁ አታስወጡንምና እንቀመጣለን» አሉ ሴትዮዋ በትሕትና። «ግን ሙሽራዋ ያለ ፈቃዷ ነው፣ መድኃኒትም ተሰጥቷታል የሚል ጥቆማ ደርሶናል። ከራሷ አፍ ሁለት ቃል ሰምተን ነገሩን እንዘጋለን።»

እየሩስ ዓይነ ርግቡን ገለጠችው። ክኒኑ ዳሱን አልቻለውም ነበር። ዓይኗ አብጦ ሊጨፈን ምንም አልቀረው፣ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል። ሰዉ ተንጫጫ። «ይኸው!» ልል አፌን ስከፍት የአዛናው አጎት አለምሰገድ ቀደሙኝ።

«ይህች ልጅ ታማለች!» አሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ዙፋን፣ ደዌ ያለባትን ልጅ ሸፍናችሁ ልትሰጡን ነው?»

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ከዚያ ከመቀነቷ ያችን ወረቀት ፈትታ በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«በሽታ አይደለም፣ አያ አለምሰገድ። በማርያም በሽታ አይደለም። በመውቂያ ሰሞን ብቻ ነው፣ ከእብቁ ነው። ዓይኗን እንዲያደርቅላት ብዬ ነው የሰጠኋት። እንዳትጠሏት ብዬ ነው።»

እናቴ ሰው ፊት ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። እብቁ ነው ያሉኝ ሁሉ እውነታቸውን እንደነበር ገባኝ፤ ግን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ ያበላሸሁትን ማቃናት የምችልበት መንገድ አልነበረኝም።

አለምሰገድ ክኒኑን እያገላበጡ «መድኃኒት የሚውጥ ታዲያ ጤነኛ ነው?» አሉ። ከአጃቢዎቹ ሁለት ሦስቱ መነሣት ጀመሩ።

«አያ» አለ አዛናው። ከገባ ጀምሮ ድምፁን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። «ይቀመጡ። እኔ አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«እብቅ እንደማይስማማት። ዓምና ማሽኑን ከተተከለበት ነቅዬ ወደ ማዶ የወሰድኩት ለምን መሰለዎ? ነፋሱ ወደ እሷ ነበር።»

እናቴ አፏን ይዛ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የደበቀችውን ነገር ሰውዬው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀው ኖሯል።

የቀበሌዋ ሴት ግን እንደዋዛ የሚለቅቁ አልነበሩም። «መልካም፣ እሱ ተናገረ፣ እናቷም ተናገረች። እኛ የመጣነው እሷን ልንሰማ ነው» አሉና ስርጉት ፊት በርከክ አሉ። «ልጄ፣ ማንንም አትፍሪ። ወደሽ ነው?»

ስርጉት አንዴ የቀበሌዋን ሴት፣ አንዴ ፖሊሱን አየች። ቀጥሎ አዛናውን አየች። ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ እሱ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ጊዜው ረዘመ። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ በልቤ «በይ እንጂ፣ በይ!» እላለሁ፤ ምን እንድትል እንደምፈልግ ግን ራሴም አላውቅም።

«ወድጄ ነው» አለች በመጨረሻ፤ ምላሷ ደርቆ ቃሉ ተጎተተ። ወዲያው ከራሷ ዘውድ የሚያስወልቅ ማስነጠስ አስነጠሳት። ሁለት መቶ ሰው ባንድ አፍ «ይማርሽ!» አለ። ፖሊሱም ጭምር ብሏል። እልልታውን ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ አለምሰገድ እያጉረመረሙም ቢሆን ተቀመጡ፣ ከበሮውም ተመታ።

መምህርት አይናዲስ የነገራትን ሰው ስም አላወጣችም። እናቴ ግን የገመተችው ሰው ነበራት። ክኒኑን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ናት ብላ ከሳሚያ ጋር ተቆራረጠች። ሳሚያ ሁለት ጊዜ መጥታ ደጅ ቆማ ተመልሳለች። እኔ አይቻታለሁ፣ ዝምም ብያለሁ። ሥራ ይዤ ይቅርታ ልጠይቃት መተማ ዮሐንስ ስወርድ ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ተነሥቶ ነበር፤ ሻይ ቤቷ ተዘግቷል፣ የሄደችበትን የሚያውቅ አላገኘሁም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር ነበር። ኮሌጅ ገብቼ ስለዚያች ክኒን ስማር፣ በባዶ ሆዷ ሁለቱን የዋጠች ሴት ምን ያህል እንደምትፈዝዝ አወቅሁ። ያ «ወድጄ ነው» የስርጉት ነበር ወይስ የክኒኑ? አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ቤቷ በሄድኩ ቁጥር ስሰልላት ኖሬያለሁ። አዛናው ሲያናግራት ፊቷን አያለሁ፣ ሲወጣ ትንፋሿን እሰማለሁ፣ ልጆቿን ስትቆጣ የማንን ንዴት በማን ላይ እንደምትወጣ እመረምራለሁ። አንድም ነገር አላገኘሁም። ምንም አለማግኘቴን ደግሞ ጠረጠርኩት።

ባለፈው ጥር ስርጉት ትንሿን ልጇን ይዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ መጣች። ልጅቷ በእሷ ወጥታለች፤ ዓይኗ እንባ አዝሎ ታስነጥሳለች። ለሕፃን የሚሆነውን ሽሮፕ፣ እንቅልፍ የማያመጣውን፣ አውጥቼ እያሸግሁላት ሳለ ከአፌ አመለጠኝ።

«እታለም፣ ያን ጊዜ ለመምህርት አይናዲስ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ አልጋዬ ላይ ወጥተሽ ያችኑ ጥያቄ ጠይቀሽኝ የለም እንዴ? ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? በእማዬ ተናድጄ ነበር፣ አፍሬም ነበር። ከዚያ አለፈ።» ልጇን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠቻት። «ከአንቺ በፊት ማንም አልጠየቀኝም፣ ማናዬ። ሽማግሌ መጣ፣ አባባ እሺ አለ፣ አለቀ። እኔም እምቢ አላልኩ፣ እሺም አላልኩ።»

«ሁለት ክኒን ውጠሽ ነበር። ምን እንዳልሽም ያወቅሽ አይመስለኝም ነበር።»

«አንደበቴ ከብዶኛል እንጂ ልቤስ እንደዚያ ነቅቶ አያውቅም። ሴትዮዋ በርከክ ስትልልኝ፣ እምቢ ብልስ ብዬ አሰብኩ። ፖሊስ ቆሟል፣ መምህርቷ ቆማለች፤ እምቢ ካልኩ ማንም ጎትቶ አይወስደኝም። ላፌ ቀርቦ ነበር። አዛናውን ሳየው ደግሞ አንገቱን ደፍቷል፤ ብትፈልጊ ተዪኝ የሚል ይመስላል። እምቢ ማለት እንደምችል ሳውቅ ነው እሺ ያልኩት።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ጎረቤቶቼ ከባሎቻቸው ሲጣሉ፣ ቤተሰቦቼ ናቸው እዚህ የጣሉኝ ብለው አልቅሰው ይወጣላቸዋል» አለች። «እኔ በማን ላሳብብ? በሰው ሁሉ ፊት ወድጄ ነው ብያለሁ። ስንት ቀን ተናድጄብሻለሁ መሰለሽ። ግን ያን ሠርግ ተመልከቺው፤ ቀኑን አባባ ቆረጠ፣ ልብሱን እማዬ መረጠች፣ ድግሱን አገር ሁሉ በላው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የእኔ የሆነው ያች አንዲት ቃል ናት።»